አቧራ የሌለው ስርቆት

ሰኞ ጠዋት ገደሉ ጥርስ እንደተነቀለበት አፍ ተከፍቶ ተገኘ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪው በአውቶቡስ፣ ጎብኚው በካሜራ እየመጣ አንገቱን አስግጎ ሲያየው የኖረው የጥንት አዞ መንጋጋ፣ ከነጥርሱ፣ ከነተጣበቀበት ድንጋይ ብን ብሎ ጠፍቷል። በግራጫው የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ላይ የቀረው የጉዞ ሻንጣ የሚያስገባ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ብቻ ነው። ከፊቱ የነበረው መስታወት አልተሰበረም። ብሎኖቹ ተፈትተው፣ መስታወቱ ቀስ ተብሎ ተነስቶ፣ እንዳይንሸራተት ሥሩ ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል።

"ጨዋ ሌባ ነው" አለ ሳጅኑ። "ሲወጣ ጫማውን ጠርጎ የሚወጣ ዓይነት።"

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ጣቢያ ውስጥ በሌለችበት "እሾሂቱ" ይሏታል፤ አንዴ የገባችበትን ነገር ይዛ ስለማትለቅ። ስሙ ጆሮዋ ደርሷል፤ አልከፋትም። ሳጅኑ ደግሞ ቀልዱ ቦታ የማይመርጥ፣ ወሬ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። ከዐይኑ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ ትታገሰዋለች።

ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ጉድጓዱ ልትሰድ ስትል ከኋላዋ ጩኸት መጣ።

"እንዳትነኪው! በፈጠረሽ!"

እየሮጠች የመጣችው የሙዚየሙ ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ማን ላይ እንደጮኸች ስታይ ክው አለች። "ይቅርታ ኢንስፔክተር። ጠርዙ ይፈርሳል ብዬ ነው።"

"አይዞሽ። ይሄን ጩኸት እኔም በየሄድኩበት እጮኸዋለሁ።" እጇን ሰበሰበች። "ግን ንገሪኝ እስቲ። አጥንት ከቦታው ቢነሳ ምን ይጎድለዋል? አጥንት ያው አጥንት አይደል?"

"እርስዎስ? ሬሳ ከወደቀበት ቢነሳብዎ ምን ይጎድልብዎታል?"

ኢንስፔክተሯ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። "ግማሹ ነገር" አለች።

"ለእኛም እንደዚያው ነው። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ፣ አጠገቡ ምን ቀንድ አውጣ፣ ምን ቅጠል እንደነበረ፣ በየት በኩል ተጋድሞ እንደነበረ... ዕድሜውንና ኑሮውን የሚነግረን እሱ ነው። ያ ከጠፋ የሚቀረን የሚያምር ድንጋይ ነው።"

ከዚያ የባሰውን ነገረቻት። ሐሙስ ኮሚቴ ይመጣል። ገደሉ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ይከለል፣ ወይስ ድንጋይ እየቆፈረ እየተጠጋ ላለው የጎረቤት ድንጋይ ካባ ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከኮሚቴው ጋር የምትመጣ ባለሙያም ከመንጋጋው ቁንጣሪ ናሙና ወስዳ ዕድሜውን ልታረጋግጥ ነበር።

"መንጋጋው ነበር ጠበቃችን" አለች ተመራማሪዋ። "አሁን ገደሉ ጠበቃ የለውም።"

ይሄን ጊዜ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ደረሱ። ሽበታቸው ያማረ፣ ቁመተ ረጅም ፕሮፌሰር ናቸው፤ መንጋጋውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጉድጓዱ ፊት ቆሙ። "ሳይሰበር ይገኝ ብቻ" አሉ። ቀጥለው ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው "የገደሉ ጥበቃ ጥሩ ሰው ነው። እሱን እንዳታስቸግሩብኝ" አሉ።

* * *

ጥበቃው ግን ከሰዓት በፊት ታስረው ነበር።

"ነገሩ አልቋል" አለ ኮማንደሩ፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ። "መንጋጋው ቅዳሜ ማታ ነበረ፤ እሁድ ቦታው ዝግ ነው። ጥበቃው እሁድ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም ይላል። የታክሲ ሾፌር ግን ከተማ ውስጥ አይቶታል። ዐይን ያወጣ ውሸት! ለሌቦች መንገድ ለቆ ነው የሄደው። ጻፊና ዝጊው። ለአንድ ድንጋይ ሳምንት ሙሉ የማባክነው ሰው የለኝም።"

"ልጠይቃቸው መጀመሪያ።"

"ጠይቂያ! ማን ከለከለሽ?"

ጥበቃው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ወታደር ነበሩ፤ ዛሬም እንደ ወታደር ነው የሚቀመጡት።

"ጋሼ፣ እሁድ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ቦታዬ ላይ።"

"ከተማ ታይተዋል እኮ።"

"ያየው ሰው ይመስክር እንግዲህ።"

"ማን ሂድ አለዎት?"

"ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ። እኔ የምጨምረው የለኝም።"

ኢንስፔክተሯ ውሸታም ብዙ አይታለች። ውሸት የለመደ ሰው ቃል ያበዛል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። እኚህ ሰውዬ ግን ውሸቱ ራሱ ጉሮሯቸው ላይ የተሰነቀረ ይመስላሉ።

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደች። ሚስታቸው ትራስ ተደግፈው፣ ፊታቸው አባብጦ ተኝተዋል፤ ኩላሊት ታማሚ ናቸው።

"እሁድ ትንፋሼ አልመለስ አለኝ" አሉ። "ደወልኩለት። እየሮጠ መጥቶ ክሊኒክ አደረሰኝ። ያ ሁሉ መርፌ ሲገባብኝ እጄን ይዞ ነው የዋለው። ምነው፣ አልነገራችሁም እንዴ?"

"አልነገሩንም። ለምን ይመስልዎታል?"

"እኔ እንጃ። ሥራህስ ስለው 'ሰው አለበት፣ ዝም በይ' ነው ያለኝ። እሱ አፉን ከዘጋ ቁልፉን ይውጠዋል።"

ክሊኒኩም ይህንኑ አረጋገጠ። ሐኪሙ ጥበቃውን በደንብ ያስታውሳቸዋል፤ ሚስቴን ቶሎ እዩልኝ ብለው ተጣልተውታል።

ኮማንደሩ ጋ ስትመለስ መልሱ አጭር ነበር። "ታዲያ ግብረ አበር አለዋ! እሱ ክሊኒክ ሲውል ሌላው ይነቅላል። አይለቀቅም።"

* * *

ማክሰኞ ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ወደ ድንጋይ ካባው ወረዱ። መንጋጋው በመጥፋቱ የሚጠቀም ሰው ካለ የካባው ባለቤት ነው። ቦርጫም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሰውዬ ነው።

"አዝኛለሁ!" አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን እስከ መንጋጋው እያሳየ።

"የአዞ እንባ" አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ። ኢንስፔክተሯ በክርኗ ጎሸመችው።

"እሁድ የት ነበርክ?"

"የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ። ስጨፍር ወገቤን ይዞኝ ተሸክመው ነው ያስቀመጡኝ፤ ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ። ልጆቼም፣ ሠራተኞቼም እዚያው ነበሩ።" ስልኩን አውጥቶ አሳያት፤ እውነትም ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሲሸከሙት ይታያል። "እህቴ፣ ልንገርሽ። ያንን ገደል እፈልገዋለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ስጡኝ እላለሁ፤ አላፍርም። ግን አጥንት ምን ያደርግልኛል? ብፈልግ በድማሚት አነሳው ነበር እንጂ በብሎን መፍቻ መስታወት እየፈታሁ ስለማመጥ አልውልም።"

ከጀርባው አንድ ሠራተኛ የድንጋይ መቁረጫውን አስነሳ። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ነጩ አቧራ እንደ ጉም ተነስቶ ሁሉን ሸፈነ። ሳጅኑ ደጋግሞ አነጠሰ። አቧራው ሲረግብ ጺሙ የሽማግሌ ጺም መስሎ ነበር።

"ይኸው አስረጃችሁኝ!" አለ ልብሱን እያራገፈ።

ኢንስፔክተሯ አልሰማችውም። አጠገቧ ካለው ቁጥቋጦ አንድ ቅጠል ይዛ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ቅጠሉ፣ አጥሩ፣ የባለቤቱ መኪና፣ የሠራተኞቹ ሽፋሽፍት ሳይቀር ነጭ ነው።

"ሰሞኑን ዘንቦ ያውቃል?" አለች።

"ዝናብ? ደመና ካየን ራሱ ቆየን" አለ ባለ ካባው።

"ሳጅን፣ ተነስ። ወደ ገደሉ!"

ከጉድጓዱ ሥር ያለው ሣር አረንጓዴ ነበር። ቁጥቋጦው ቅጠሉ ያበራል። የጉድጓዱ ግድግዳዎች ላይ የመቁረጫው ጥርስ ያሰመረው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አቧራ ግን ለመድኃኒት እንኳ የለም።

"አቧራውን ጠርጎት ይሆናል። ጨዋ ሌባ ነው ብያለሁ" አለ ሳጅኑ።

"ቅጠል በቅጠል ያጥባል? ይሄ ድንጋይ እሁድ አልተቆረጠም። እሁድ የተደረገው ማንሳት ብቻ ነው። ጉድጓዱ ድሮም ነበረ።"

ሳጅኑ በሆዱ ተኝቶ ሣሩን መፈተሽ ጀመረ። ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ የጥፍር ያህል ስባሪ በወረንጦ ይዞ ተነሳ። ስባሪው በአንድ ወገኑ ግራጫ፣ በሌላው ቀላ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ቢጫ መስመር አለው።

* * *

ኢንስፔክተሯ የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የፊት ለፊቱ ክፍል በጀሶ ድድ፣ በሰም መንጋጋና ገና ባለቤት ባላገኘ ፈገግታ የተሞላ ነው። ያን ዕለት ራታቸውን እየበሉ ነገሩን አነሳችላት፤ የፖሊስ ማኅተም ያለበትን ትንሽ ከረጢትም ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"እትዬ፣ ሌላ ሰው እኮ ለእህቱ ፍራፍሬ ይዞ ነው የሚገባው" አለች እህቷ።

"ከረጢቱን ሳትከፍቺ እይልኝ። መሐሉ ያለው ምንድነው?"

እህቷ እጇን ጠራርጋ መብራቱን አበራች፤ አጉሊ መነጽሯን አጠለቀች። ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ።

"ሙጫ ነው። የእኛው ዓይነት፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው። አዲስ አይደለም ግን። ሲሠሩት እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ፀሐይ ሲመላለስበት ነው እንዲህ ቢጫ የሚሆነው። ይሄ ፀሐይ ጠግቧል።" ከረጢቱን አገላበጠችው። "ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ግራጫው ደግሞ ድንጋይ አይደለም።"

"ምን?"

"ከላይ ያለው። የድንጋይ ዱቄት በሙጫ ለውሰው ነው የቀቡት። እኛ የድድ ቀለም ለማምጣት የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ መገጣጠሚያው እንዳይታወቅ። እጁ የሠለጠነ ሰው ነው የሠራው፤ አደንቀዋለሁ።" መነጽሯን አወለቀች። "እትዬ፣ ሰውዬው ነቃይ አይደለም። ተካይ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ከረጢቱን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ተመራማሪዋ ከረጢቱን በመስኮት ብርሃን አገላብጣ አየችው።

"ይሄ ቀዩ የእኛ ድንጋይ አይደለም" አለች። "ገደላችን ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ድንጋዩ ኖራ ነው፤ ነጭና ግራጫ ብቻ። ይሄ የወንዝ አሸዋ ነው። በመላው ገደል እንዲህ ዓይነት ንብርብር የለም።"

"መንጋጋው ሲገኝ አብረሽ ነበርሽ?"

"አልነበርኩም። ልጄን ወልጄ ተኝቼ ነበር። ፕሮፌሰሩ በሸራ ጋርደው ብቻቸውን ነው የቆፈሩት። ስመለስ መስታወት ገብቶለት ጠበቀኝ። 'በቦታው እንተወዋለን፤ ኃላፊነት ማለት አለመንካት ነው' አሉን። አጨበጨብንላቸው እኮ! እውነትም ነበር፤ ትክክለኛው አሠራር እሱ ነው።"

"ከዚያ በኋላ የነካው አለ?"

"ማንም። ሐሙስ ግን ባለሙያዋ ናሙ..." ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ኢንስፔክተሯ አላጣደፈቻትም። ልጅቷ መምህሯ እንደተሳሳተባት ተማሪ ሳይሆን አባቷን በማይሆን ቦታ እንዳየች ልጅ ሆና ነበር።

"ፕሮፌሰሩ ሰብረውት ይሆን?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"እሳቸው? አጥንት?" ተመራማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። "እጃቸው አይታዘዝላቸውም። መጋዘን እንሂድ።"

መጋዘኑ ከጣሪያ እስከ ወለል መደርደሪያ ነው፤ የጉማሬ ጭን፣ የኤሊ ቅርፊት፣ በድንጋይ ላይ የታተመ ዓሣ። እያንዳንዱ ላይ በቀጭን ቀለም ቁጥርና የተገኘበት ቦታ ተጽፏል። "ቁጥር የሌለው ነገር እዚህ አይገባም። ከየት እንደመጣ ካላወቅን አንቀበልም" እያለች ተመራማሪዋ በጉልበቷ ሄደች። ከመጨረሻው መደርደሪያ ሥር፣ ከዝሆን ጎድኖች ጀርባ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አገኙ። ሳጅኑ እያለከለከ ጎትቶ አወጣው። መንጋጋው ነበር፤ አንድም ጥርሱ አልጎደለም። ገለበጡት። ጀርባው ቀይ ነው።

* * *

ኢንስፔክተሯ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ከመውጣቷ በፊት ጣቢያ ደወለችና ጥበቃውን በስልክ እንዲያገናኟት አደረገች።

"ጋሼ፣ መንጋጋውን አገኘነው። ሙዚየሙ መጋዘን ውስጥ ነው። ያስቀመጡት ፕሮፌሰሩ ናቸው።"

የሽማግሌው ድምፅ ሻክሮ መጣ። "ራሳቸው ናቸው 'ሂድ፣ ሚስትህን አድን፣ እኔ እዚህ መጽሐፌን እያነበብኩ እጠብቃለሁ' ያሉኝ። 'ደንብ ጥሰናልና ለማንም እንዳትናገር፣ አደራ' አሉኝ። እኔ እኮ... እኔ ለእሳቸው ብዬ ነው የተሰደብኩት።"

ፕሮፌሰሩ ለነገ የሚያደርጉትን ንግግር እየተለማመዱ ነበር። ኢንስፔክተሯ ከረጢቱን ጠረጴዛቸው ላይ ስታኖር ወረቀቱን አጣጠፉት። አልካዱም። ይልቁንም ቀና አሉ፤ ቁመታቸው የጨመረ መሰለ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ። "ደግሞም አደርገዋለሁ! ለቀንድ አውጣ ብሎ ገደል የሚከልል ሹም አሳዩኝ እስቲ። ስንት ዓመት ለመንኩ! 'ቅርፊት ነው፣ ትል ነው' እያሉ ሳቁብኝ። ካባው በየዓመቱ አንድ ሐይቅ ሙሉ ታሪክ ፈጭቶ ለወለል ንጣፍ ይሸጣል። ጥርስ ሲያዩ ግን አዳመጡኝ። ያንን ገደል እስከ ዛሬ ያቆመው ያ መንጋጋ ነው!"

"ከየት ነው ያመጡት?" አለች ተመራማሪዋ። በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ፕሮፌሰሩ እሷን ሲያዩ ድምፃቸው ረገበ። "ከወንዙ ዳር። አዲሱ መንገድ ሲሠራ። ዶዘሩ እላዬ ላይ ቆሞ እያጓራ በእጄ ነቅዬ አተረፍኩት። መለካት የለ፣ ፎቶ የለ። ባላነሳው ዛሬ አስፋልት ሥር ነበር።"

"እሱስ ይሁን። ማትረፍ ነው፤ በዚያ ማንም አይወቅስዎትም። በማግስቱ 'ከወንዙ ዳር ነው' ቢሉ ኖሮ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብተን የቀረውን አካሉን እንፈልግ ነበር። አሁን እኮ ዳር ዳሩም ተገንብቶበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ አዞ ባልዋለበት ሐይቅ አዞ ስናስተምር ከረምን! እኔ ጽፌበታለሁ። ተማሪዎቼ ተመርቀውበታል።"

"ገደሉ ቆሟል!"

"ገደሉ የራሱ ነገር ነበረው! ቀንድ አውጣው አንሷል ብለው አፉ ውስጥ የሌላ ጥርስ ተከሉበት።"

ፕሮፌሰሩ ሊመልሱ ሲሉ ኢንስፔክተሯ ገባችበት። "ጥበቃውስ?" አለች።

ፕሮፌሰሩ ዐይናቸውን ወደ ወረቀቱ መለሱ።

"ሚስታቸው መተንፈስ ያቃታቸው ቀን ደግ መስለው ሸኟቸው። ከዚያ ቃላቸውን አክብረው ወህኒ ሲገቡ እርስዎ እዚህ ንግግር ይለማመዳሉ።"

"ከሐሙስ በኋላ ሁሉንም ልናገር ነበር። ባለሙያዋ ናሙና ስትወስድ ነገሩ ይገለጣል፤ ከተሰረቀ ግን ኮሚቴው ያዝናል፣ ገደሉ ይከለላል... ከዚያ በኋላ እሱን አስፈታዋለሁ ብዬ..."

"ከሐሙስ በኋላ" አለች ኢንስፔክተሯ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ይነሱ፣ እንሂድ።"

* * *

ኮማንደሩ ወሬውን ሲሰማ የተሰማው ደስታ ሳይሆን ራስ ምታት ነበር። በሩን ዘጋ።

"ስሚኝ። ሰውዬው የተከበረ ሰው ነው። የሙዚየሙ ቦርድ ደውሎልኛል። ነገ ኮሚቴው እስኪሄድ ብቻ 'ባልታወቁ ሰዎች ተሰርቆ ተገኘ' እንበል። ገደሉ ይከለላል፣ ሙዚየሙ አይዋረድም። ማን ተጎዳ?"

"ጥበቃውስ?"

"እሱ ቸልተኝነት ነው፤ ቀለል ይልለታል። ይኸው፣ አስጽፌዋለሁ። ፈርሚ።"

"አልፈርምም።"

"ዕድገትሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።"

"እዚያው ይቀመጥ። እኔ የጻፍኩትን ሪፖርት ነው የማስገባው፣ እንዳለ። ለእርስዎም፣ ከእርስዎ በላይ ላሉትም።"

የኮማንደሩ ፊት በርበሬ መሰለ። "ያቺ ልጅ ገደሏን ብታጣ በአንቺ ነው!"

ኢንስፔክተሯን እውነትም የቆረጣት ይሄ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ተመራማሪ ሄደች። አልሸነገለቻትም፤ የተባለውን እንዳለ ነገረቻት።

"ዝም ብትይ ገደሉ ሳይተርፍ አይቀርም" አለች። "እኔ ሪፖርቴን አስገባለሁ፤ ግን እስከ ነገ ኮሚቴው ጋ አይደርስም። ነገ እዚያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

ልጅቷ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "ጥበቃው ያለ ጥፋታቸው ታስረው? ነገ በውሸት ከተከለለ ከነገ ወዲያ የማንን አጥንት ማን ያምነናል?" ተነሳች። "ገደሉን ይውሰዱት እንጂ አልዋሽም።"

* * *

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች ኮሚቴው ገደሉ ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ ናቸው። ባለ ካባው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ከኋላ ሆነች።

ተመራማሪዋ ባዶው ጉድጓድ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ቀዩን ድንጋይ፣ ሙጫውን፣ ወንዙን፣ ሁለቱን ዓመት። የራሷን ጽሑፍም ስህተት ነው ብላ ሰረዘችው። ስትጨርስ ባለ ካባው አጨበጨበ።

"ጎበዝ! እንዲህ ነው እውነት መናገር! እንግዲህ አዞ ከሌለ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።"

"አልጨረስኩም" አለች ተመራማሪዋ። "ከጉድጓዱ ወደዚህ ይምጡልኝ። እዚህ ጋ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመታው እዩት።"

ከገደሉ እግር የተዘረጋው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀትር ላይ ቢያዩት ምንም የለበትም። በዚያ ዝቅተኛ የጠዋት ብርሃን ግን ጥላ በጥላ ሆነ። ባለ ሦስት ጣት የወፍ ዱካ፣ ተከታትሎ፣ አንዱ ጋ ቆም ብሎ ዞሮ። በመሐሉ የተበታተኑ ጥቃቅን ጎድጓዳ ነጠብጣቦች።

"ነጠብጣቦቹ ዝናብ ናቸው" አለች። "አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ወፍ ስትራመድ ካፊያ መጣ። ጭቃው ደረቀ፣ ሌላ ጭቃ ለበሰው። ይሄ አልተነቀለም፣ አልተለጠፈም፣ ማንም አላሳመረውም። እዚሁ የተረገጠ፣ እዚሁ የቀረ ነው። ማንም ስላልጠየቀን አሳይተን አናውቅም። ከላዩ ያለው ንብርብር ሁሉ እንዲህ ነው። የምከራከረው ለዚህ ነው። የማይበቃችሁ ከሆነ እንዳይበቃችሁ እንጂ አዞ አልጨምርላችሁም!"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ጣታቸውን ዱካው ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ቆም አሉ፤ "ይነካል?" ብለው ጠየቁ።

"ባይነካ ይሻላል።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። ባለሙያዋን ጠሩ፤ ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሰብሳቢዋ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ።

"ሙሉ ጥበቃ ዛሬ አንሰጥም" አሉ። "ሙዚየሙ ሁለት ዓመት ዋሽቶናል፤ እሱ ለብቻው ይጠየቅበታል። ገደሉ ንብርብር በንብርብር ይጠናል። ጥናቱ እስኪያልቅ ካባው አይጠጋም።"

"ለወፍ ኮቴ?!" አለ ባለ ካባው።

"ለወፍ ኮቴ" አሉ ሴትዮዋ።

* * *

ጣቢያ ሲደርሱ ጥበቃው እንዲለቀቁ ትእዛዝ ወጥቷል። ፕሮፌሰሩ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ፈርመው፣ በሌላው ክፍል ገብተዋል። የማረፊያ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥበቃው ግን ከውስጥ አግዳሚው ላይ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"አልወጣም እያሉ ነው" አለ ዘብ የቆመው ፖሊስ ግራ ተጋብቶ። "ለመንኳቸው።"

"ጋሼ፣ ነፃ ነዎት እኮ። ባለቤትዎ ይጠብቁዎታል" አለች ኢንስፔክተሯ።

"በስልክ ነግሬያታለሁ፤ 'ደግ አደረግህ' ብላኛለች። እኔ ከዚህ የምወጣው አዛዡ መጥቶ ይቅርታ ሲለኝ ነው። ሰው ሁሉ ፊት ሌባ ብሎኛል። ሰው ሁሉ ፊት ይመልሳት።"

ሳጅኑ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። ኢንስፔክተሯ ወደ ላይ ወጣች፤ ኮማንደሩ በሩን ሳታንኳኳ በመግባቷ ሊቆጣ ሲል የመጣችበትን ነገረችው።

"አብደሻል? ጎትተሽ አስወጪው!"

"የተፈታን ሰው ጎትቶ ማስወጣት በየትኛው ሕግ ነው? እኔ አላውቀውም። ከታች ደግሞ ጋዜጠኛ መጥቷል፤ የኮሚቴውን ወሬ ሰምቶ።"

ኮማንደሩ ኮፍያውን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ደረጃውን እግሩን እየጎተተ ወረደ። ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱም፣ ባለ ጉዳዩም፣ የፅዳት ሠራተኛዋም ሥራ አቁመው ያዩታል። በሩ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወለሉን እያየ አንድ ነገር አጉተመተመ።

ጥበቃው እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ።

"አልሰማሁም" አሉ።